ቦይለሩ የታፈነበት በጋ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማርመው ደብተር ስለሌለኝ የራሴን መሙላት ይዣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጆች ስህተት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምር ኖሬ፣ አሁን እጄ ዝም ብለህ ተቀመጥ ቢሉት እሺ አይልም።

የዛሬው ዜና፦ ቦይለሩ ሞተ። ሶፍያ ራሷን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነች ከመታጠቢያ ቤት «እትዬ! ውሃው በረዶ ሆነ!» ብላ ጮኸች። ሰባት ወር ካለፋት እርጉዝ እንዲህ ያለ ጩኸት መስማት ደግ አይደለም። በማንቆርቆሪያ ውሃ አሙቄ በበሩ ክፍተት አቀበልኳት። ስትወጣ ከንፈሯ እንደ ጥቁር ወይን ጠቁሮ ነበር። የሐረርን የኅዳር ጠዋት የማያውቅ ሰው ሐረር ሞቃት ነው ይላል።

ሶፍያ የልጄ የቢኒያም ሚስት ናት። እሱ ጎዴ በረሃ ውስጥ መንገድ ይሠራል፤ ስልኩ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሠራ ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ያሳደገቻት ድሬዳዋ ያለችው አክስቷ ኤልሳቤጥ ናት። ለመውለጃዋ «እኔ ጋ ትሁን» ብዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አክስቲቱ አልወደደችውም። «ካልተመቸሽ ደውይልኝ፣ በማግስቱ መጥቼ እወስድሻለሁ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ይህ ቤት የሞቀ ውሃ ሊያጣ አይገባም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሳኒ መጣ። ፈረስ መጋላ አጠገብ የቧንቧና የማሞቂያ ጥገና ሱቅ አለው። አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ከአሥር ሦስት የሰጠሁትን ፈተና እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

የቦይለሩን ሆድ ሲከፍተው ነጭ ድንጋይ ተንኮታኩቶ ወረደ። «አቦ ቲቸር! ይሄ ቦይለር ነው ወይስ የኖራ ፋብሪካ?» አለ። ሁለት ሣህን ሙሉ ወጣ። የእኛ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ማሞቂያውን ብረት እንደ ልብስ ሸፍኖት፣ እሳቱ ኖራውን እንጂ ውሃውን አያሞቅም ነበር አለ። ለካ በየወሩ የመብራት ሒሳብ ጨመረ እያልኩ የምነጫነጨው ድንጋይ ስቀቅል ነው። ብረቱን ቀየረው፤ በየዓመቱ ይታጠብ አለ።

ከዚያ ደግሞ እኔን ሊያስተምረኝ ተነሣ። የሙቀት መዘውሩን መሀል ላይ ላቆመው፣ ቀኑን ሙሉ ከማንደድ ከመታጠቢያው ሰዓት በፊት ብቻ ላብራው፣ የሞቀ ውሃ የሚወርድበትን ቧንቧ በጨርቅ ልጠቅልለው። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ሲጨርስ ታች ያለችውን ትንሽ የናስ ቫልቭ አሳየኝ። ውሃው ሲሞቅ ከእሷ አፍ ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር።

«ይቺን እንዳይነኳት። መተንፈሻው ናት። ጠብታዋ ጤና ነው» አለኝ።

«ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ከተማ ጠብ የሚል ነገር ተክለህልኝ ልትሄድ ነው?»

«ወላሂ ቲቸር፣ ሥሯ ጣሳ ያስቀምጡላት እንጂ አይንኳት።»

ጣሳ አስቀመጥኩ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ቧንቧውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። እንደ ቁስለኛ ክንድ መስሏል፤ ግን ሙቀቱን ይይዛል። «የመታጠቢያ ቤት ደንብ» የሚል ወረቀትም ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሙቁ እስኪመጣ የሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ይጠራቀም፤ ሳሙና ሲመታ ቧንቧው ይዘጋ፤ አንድ ሰው ከስምንት ደቂቃ አይበልጥ።

ሶፍያ ቆማ አነበበችው። «ጥሩ የእጅ ጽሑፍ አለዎት» አለች። ከዚያ ገብታ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ሳሙና ገባብኝ አለች። እኔ የምገዛው ሳሙና የሕፃን ሳሙና ነው፤ ዓይን አያቃጥልም። ምናልባት ምርቱን ቀይረውት ይሆናል።

ኅዳር 12

ሌሊት ውሃ መጣ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሞላ። ጣሳዋም ሞላች። በአንድ ቀን አንድ ጣሳ! በወር ሠላሳ ጣሳ ነው። ለቃሪያ ተክሌ አጠጣሁት፤ ግን ዓይኔ ከዚያች ቫልቭ ላይ አልነሣ አለ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሶፍያ ከአክስቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። አዳምጬ አይደለም፤ በመስኮቱ በኩል የተሰጣ ልብስ እያነሣሁ ነበር። «ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። አይ፣ እሳቸውም ደህና ናቸው። ገላዬን ከመታጠቤ በፊት ሰዓት ማየት ለምጃለሁ» አለችና ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር።

ሰዓት ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ሙሉ ትምህርት ቤት በሰዓት ነው ያስተዳደርኩት። ድሬዳዋ እንደሆነ ቧንቧው ራሱ የፈላ ውሃ ያወርዳል፤ እዚያ ቦይለር የሚገዛ ሰው ዕብድ ነው። ኤልሳቤጥ በዚህ ትበልጠኛለች እንጂ በሌላ አትበልጠኝም። ያሰጣሁትን ልብስ ሳይደርቅ አንሥቼው ኖሮ እንደገና አሰጣሁት።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ጣሳዋ ሞልታ ወለሉ ላይ ፈሳ፣ ሶፍያ ስትገባ እግሯ አዳለጣት። የበሩን እጀታ ባትይዝ ኖሮ... «ምንም አልሆንኩም እትዬ» ትላለች ሆዷን ይዛ። እኔን ልታጽናና!

እኔ ነኝ ጣሳዋን ያልደፋሁት።

ኅዳር 25

ጠብታው ቆመ። ከባለቤቴ ከወልደ ጊዮርጊስ የመሣሪያ ሣጥን (ነፍሱን ይማረው፤ ሰባት ዓመት ሆነው) አንድ ብሎን አወጣሁ፤ በቁራጭ ላስቲክ ጠቅልዬ በቫልቯ አፍ ሰክቼ በሽቦ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ወለሉ እንደ መስቀል አደባባይ ደርቋል። ውሃም አልባከነ፣ ሰውም አያዳልጠው። በአንድ ብሎን ሁለት ችግር ፈታሁ። ለሳኒ መንገር አያስፈልግም፤ ባለሙያ ሲባል ሁሉንም ነገር ለራሱ ያደርገዋል።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ቦይለሩ ማጉረምረም ጀምሯል። ሶፍያ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ድሮም እንዲህ ይጮኻል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እርጅና ነው። የእኔም ጉልበት ይጮኻል፤ ሳኒን ግን አልጠራሁለትም» አልኳት። ሳቀች፤ ይህኛው ረዘም ያለ ሳቅ ነበር። ምሳ አብረን በላን። ለእሷ ጾሙ ስለተፈታላት እንቁላል ጠበስኩላት፤ ግማሹን ተወችው።

ታኅሣሥ 8

ቲማቲም ልገዛ ኤረር በር ሄጄ ሳኒን ባጃጅ ውስጥ አገኘሁት። አንገቱን አውጥቶ «ቲቸር! ጠብታዋ እንዴት ናት?» አለኝ በሰው መሀል። «ደህና ናት» አልኩት። አልዋሸሁም። ደህና ናት፤ የለችም እንጂ። ቲማቲሙን ሳልመርጥ ገዝቼ ግማሹ የፈረጠ ሆነብኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ወንድ! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ! ሁለቱም ደህና! በሆስፒታሉ ኮሪደር እልል ስል ጥበቃው «እናት፣ ቀስ፣ በሽተኛ አለ» አለኝ። አራተኛው ላይ ነበርኩ። ለወንድ ሰባት ነው፤ ሰባቱንም ጨረስኩ። ቢኒያም በስልክ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ጉንፋን ይዞኛል።

ታኅሣሥ 15

ቤት ገባን። ለአራስ ቁጠባ የለም፤ መዘውሩን እስከ ጥግ አዞርኩት፣ ቀኑን ሙሉ ይንደድ። ሕፃኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጨቅላ ማጠብ የአያት ሥራ ነው። በአንድ እጄ አንገቱን ይዤ ሳገላብጠው ሶፍያ «እንዴት ነው የማይፈሩት?» አለች። ጎን ለጎን ቆመን እንዲህ ስናወራ የመጀመሪያችን ነው። ደንቡን ከበሩ ላይ ላነሣው አስቤ ነበር፤ በኋላ ረሳሁት።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ፈቲያ ቤት ነን፤ ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት። ሶፍያና ልጁ ደህና። መብራቱን ከዋናው አጥፍቻለሁ። ሳኒ እየመጣ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን። በኋላ።

ያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት

የሆነው እንዲህ ነው። ለሕፃኑ ገንዳ ልሞላ የሙቁን ቧንቧ ከፈት ሳደርግ ውሃ ሳይሆን እንፋሎት ተፋ፤ እየተፋ፣ እየተቋረጠ። ከላይ ቦይለሩ በመዶሻ እንደሚመታ ይንኳኳል። ሶፍያ ልጁን ራቁቱን በፎጣ አቅፋ ከኋላዬ ቆማለች። ያን ጊዜ ያ ብሎን ትዝ አለኝ። «ውጪ!» ብዬ ስጮህ ልጁም ጮኸ። ዋናውን ማጥፊያ መታሁና በባዶ እግራችን ግቢውን አቋርጠን ወጣን። ፈቲያ ምንም ሳትጠይቅ ልጁን ተቀብላ በጋቢ ጠቀለለችው፤ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች ደጋግማ፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ።

ሳኒ ቦይለሩ እስኪበርድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ሁለታችን ብቻ ገባን። ብሎኔን አየው። ሽቦውንም። ይሥቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሣቀም።

«ቲቸር፣ ውሃ ሲሞቅ ምን ይሆናል?»

«ይሰፋል።»

«ማን ነው ያስተማረኝ?»

ሽቦውን ከመንካቱ በፊት ዋናው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ ሄዶ አየ፤ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። ቴርሞስታቱም፣ ያ ሙቀቱ በቃ ሲል መብራቱን የሚቆርጠው፣ ተጣብቆ አልቆርጥ ብሏል አለ። ያም ሆኖ መተንፈሻዋ ክፍት ብትሆን ኖሮ እንፋሎቱን ታወጣው ነበር። «አላህ ነው ያተረፋችሁ። ይሄ ግድግዳ ይዞ ይሄድ ነበር» አለ።

ይህን እያለ ሶፍያ በሩ ላይ መጣች። ሁለታችንን አየችና «እኔ ነኝ አይደል?» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በጣም እቆይ ነበር። ደንቡን አላከበርኩም።»

ሳኒ እኔን አየኝ። እኔ ቦይለሩን አየሁት። «አይዞሽ፣ ይሠራል» አልኳት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ውሸት የለበትም። ሳኒ ዕቃውን ሰብስቦ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ቅዳሴ አልሄድኩም። ጉልበቴ አሞኛል።

ሶፍያ ልጁን በአንዲት ማንቆርቆሪያ ውሃ ራሷ አጠበችው። ላሙቅልሽ ብላት «ይቅር እትዬ፣ ይበቃናል» አለች። ራሷ ግን አልታጠበችም። አራስ ሆና!

ታኅሣሥ 21

ቢኒያም ደወለ። «እማዬ፣ ሶፍያ ቦይለሩን ሰበርኩ ብላ ስታለቅስ ነበር። እባክሽ አትቆጫት።» «አልተቆጣኋትም» አልኩት። እውነቴን ነው። በዚህ እውነት ያፈርኩትን ያህል በውሸት አፍሬ አላውቅም።

ሶፍያ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታለች። አክስቷ ሐሙስ በመኪና ትመጣለች። «ቤትዎን አስቸገርኩ፤ እዚያ ብሆን ይሻላል» አለችኝ፤ የሕፃኑን ልብስ እያጠፈች፤ አንድ በአንድ፣ እጅግ ቀጥ አድርጋ። እኔ ዕርዳታ ፈልጋ እንደሆነ ጠይቄ ወጣሁ። ምን ያለ ፈሪ ሰው ነኝ። ስንቱን ልጅ ጓደኛህ ላይ አታሳብብ ብዬ ጥግ አስቁሜአለሁ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ነገርኳት። ቁርስ ላይ፣ ልጁ ጡት ይዞ ሳለ። ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ይህን የቦይለሩ መተንፈሻ ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ። ሳኒ አይንኳት ብሎኝ ነበር» አልኩ።

ብሎኑን አንሥታ አገላብጣ አየችው።

«ልጄን ይዤ ስገባ ያውቁ ነበር?»

«ብሎኑን አውቃለሁ። አደጋውን አላሰብኩትም። ማሰብ ነበረብኝ።»

«ቅዳሜስ? እኔ ነኝ ስል?»

«ያኔ አውቅ ነበር።»

«ሦስት ቀን እኮ ነው ያለቀስኩት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ግን ወጣላት። ከመጣች ጀምሮ ያለውን ሁሉ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሰዓቱ፣ መታጠቢያ ቤት በገባች ቁጥር ኮሪደር ላይ ስለሚሰማው የጫማዬ ድምፅ። «መች ለመታጠብ ብቻ ነበር የምቆየው? እዚህ ቤት የሚቆለፍ በር እሱ ብቻ ነው። ቢኒያም ሩቅ ነው፤ እናት የለኝም፤ ልወልድ ነው፤ የት ልሂድና ላልቅስ?»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ። ልጁን አቅፋ መኝታ ቤት ገባች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ገነጠልኩት፤ ሙጫው ቀለሙን ይዞ መጣ።

ታኅሣሥ 23

ለመኝታ ቤቷ በር መቀርቀሪያ ገዝቼ ራሴ መታሁት። ትንሽ ጠሟል፣ ግን ይዘጋል። ከሰዓት ሞከረችው፤ ድምፁን ከኩሽና ሰማሁ።

ማታ ደግሞ ከአክስቷ ጋር ስታወራ፣ እንደ ድሮው አዳምጬ ነው፣ እንዲህ አለች፦ «ሐሙስ አትምጪ። አይ፣ አልታረቅንም። ገና መጣላታችን ነው፤ ስንጨርስ እደውልልሻለሁ።»

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ሳኒ አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ቫልቭ ገጠመ። ከቫልቯ አፍም ቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ አወጣላት፤ ጠብታው በቀጥታ ጀሪካን ውስጥ ይገባል፤ ወለሉ ላይ አንዲት ነጥብ የለችም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ! መጀመሪያ ብጠይቀው ኖሮ መጀመሪያ ይሠራው ነበር። ሶፍያ እየሰማች ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅዳሜ ዝም ማለቴንም ጭምር። «እንግዲህ ከአሥር ስንት ትሰጠኛለህ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ሦስት። ስለተናገሩ ግን አራት።»

ሶፍያ ከበስተኋላ ፍርስ ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አጠቆረች። ሳኒ ዛሬ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ፣ የገና ዋዜማ

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ልጁን የምታጥበው ራሷ ሶፍያ ናት። እኔ ገንዳውን ሞልቼ፣ ፎጣውን አሙቄ እወጣለሁ። አልጠየቅኋትም። ለመጠየቅ መብቱ የለኝም።

ዛሬ ጠዋትም ሞልቼ ልወጣ ስል «የት ይሄዳሉ?» አለችኝ። ልጁን በአንድ ክንዷ አቅፋ ሌላውን እጅጌዋን ሰበሰበችና ክርኗን ውሃው ውስጥ ነከረች። ጠበቀች። እንደገና ነከረች። እያየኋት እንደሆነ ታውቃለች፤ አልደበቀችኝም። ከዚያ «ልክ ነው» ብላ ልጁን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ራሷ ግን አልሄደችም። እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ቆማ፣ ፎጣውን ይዛ፣ ዓይኗን ከእጄ ላይ ሳትነቅል ጠበቀች።

አልተቀየምኳትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔ ሦስት ጊዜ እነክር ነበር።